ሰማያዊዎቹ ችካሎች

ሰውየውን ከቦዩ ውስጥ ያገኙት ገና ሰማዩ ገረጥ ሲል ነው። እኔ ስደርስ አውጥተውት፣ በብርድ ልብስ አድርገው አራት ሆነው ወደ አስፋልቱ እየሮጡ ነበር። አምቡላንሱ ጭቃውን ፈርቶ ጫፍ ሰፈር አልገባም ብሏል። በሐምሌ አሶሳ ውስጥ ጭቃ የማይፈራ መኪና የለም። እኔም አንድ ጫማዬን ጭቃው ውጦት፣ ጎትቼ አውጥቼ፣ እየተራገምኩ ነው የደረስኩት።

"ሞቷል?" አልኩ።

"ይተነፍሳል" አለችኝ ከብርድ ልብሱ አንዱን ጫፍ የያዘች ሴት። "ያ የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ ነው። ችካል የሚተክለው።"

ሰራዊት ይባላል። የከተማው መሠረተ ልማት ቢሮ የቅየሳ ባለሙያ ነው። ጫፍ ሰፈር መንገድ ሊሠራለት ስለሆነ፣ ልጁ ሰሞኑን መስመር እየለካ ችካል ሲተክል ሰንብቷል። ማታ የተከለውን ጠዋት ነቅለው ይጠብቁታል። ለቢሮውም ለእኛ ለፖሊሶቹም አመልክቶ ነበር። ችካል ተነቀለ ብሎ ማን ፖሊስ ይልካል? አሁን ግን ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል።

ቦዩን አየሁት። ጠርዙ ድንጋይ ነው፤ ደሙ እዚያ ላይ ነው። ጭቃው ላይ ተረከዝ የተንሸራተተበት ረጅም ፈለግ አለ። ከጎኑ የተነቀሉት ችካሎች ተቀምጠዋል። ተቀምጠዋል ስል በደንብ ነው፤ አናታቸው አንድ ላይ ገጥሞ፣ እንደ ማገዶ ተደርድረው። አናታቸው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀይ የተቀቡት ግን በየቦታቸው ቆመዋል።

ከመታጠፊያው ወዲያ ሰፈሩ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ ቦዩ ስለመጣ እዚያ የቀረ የለም። ጀሪካኖቹ ብቻ ተራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ክዳኑ የጠፋ፣ እጀታው በቀይ ጨርቅ የታሰረ። አየኋቸውና አለፍኳቸው።

"ማን ነው መጀመሪያ ያየው?"

ሁሉም ወደ አንድ አጥር ዞረ። አጥሩ ሥር፣ ትልቅ ማንጎ ተደግፎ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ሸሚዙ ከደረቱ እስከ ሆዱ ደም ነው።

---

"ወላሂ፣ እኔ አልመታም።"

ሰውየው ዐወድ ይባላል፤ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ ወንድና ሴት የማይለይ አማርኛ ያወራል፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው አጥር ውስጥ ነው። ጣቢያ ስናመጣው እጁን እንኳን አልታጠበም ነበር።

"እሺ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

"እኔ ከመስጊድ መጣ። እግር አየ። ሰው ነው አልኩ። ጎተትኩ፣ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ በእኔ ጩኸት ነው የመጣ። ደም ከዚያ ነው።"

"በመንገዱ ስብሰባ ላይስ? ዝተሃል ይባላል።"

"ማንጎ የሚቆርጥ በእኔ ላይ ይለፍ አልኩ። አባቴ ነው የተከለው። ማንጎ አትቁረጥ ነው ያልኩት፣ ሰው እቆርጣለሁ አላልኩም!" ጠረጴዛውን በእጁ መታና ወዲያው ደነገጠ፤ እጁን ወደ ጉያው ከተተ። "ኢንስፔክተር፣ ሚስቴ ደርሷል። ዛሬ ነገ ነው። አምቡላንስ አይገባም፣ አየህ አይደል? እኔ እዚህ ከሆንኩ ማን ይሸከማል?"

ወደ ኮማንደር ነብዩ ቢሮ ገባሁ።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከተማውን ያውቀዋል። "ስርጉት፣ ይሄ ነገር ከዓርብ አይለፍ" አለኝ። "ዓርብ የከተማው ምክር ቤት ይሰበሰባል። ጫፍ ሰፈር ካልረጋ መንገዱንም ቧንቧውንም ለሌላ ሰፈር ይሰጡታል። ተራ የሚጠብቅ ሰፈር ሞልቷል።"

"ዐወድስ?"

"ደሙ ልብሱ ላይ፣ ቦዩ ደጁ ላይ፣ ዛቻው በሰው ሁሉ ጆሮ። ሌላ ነገር ካላመጣሽ ዓርብ ዓቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል። ልጁ ከሞተ ደግሞ ነገሩ ነፍስ ማጥፋት ነው። ወሬውም እየዞረ ነው፤ አንዱ 'እነሱ' ሲል ሌላው 'እነዚያ' ማለት ጀምሯል። ገባሽ?"

ገብቶኛል። እኔ ከደብረ ታቦር ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ እዚህ አገር መጀመሪያ የተማርኩት ይህንን ነው።

---

መሠረተ ልማት ቢሮ ኢንጂነር የሺሀረግ የከተማውን ፕላን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ ከፊቱ ቆማ ምስማር እንደጠፋበት አናጺ ትቆጣለች። ሰራዊት በእሷ ሥር ነው የሚሠራው። ዓይኗ አብጧል፤ ስታለቅስ ነበር።

"ይሄን መንገድ ማን መረጠ?" አልኳት።

"ራሳቸው ናቸዋ! በየሰፈሩ ስብሰባ እንጠራለን። የቱ ይቅደም? ቦዩ ነው፣ መብራቱ ነው፣ ድልድዩ ነው? ይከራከራሉ፣ እጅ ያወጣሉ፣ እኛ እናጠናለን፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ጫፍ ሰፈር ስንት ዓመት ለመነ መሰለሽ! የልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ደባልቄ እዚህ ቢሮ ተመላልሰው የበራችንን ደፍ ጨረሱት። ዘንድሮ ደረሳቸው። ጠጠር ይፈስሳል፣ ቦዩ ይገነባል፣ መንገዱ ተቆፍሮ ሳለ ውሃም አብሮ ወደየቤቱ ይገባል።"

"ችካሎቹ ለምን ቀለማቸው ተለያየ?"

"ቀዩ የመንገዱ ጠርዝ ነው። ሰማያዊው ቧንቧው የሚያልፍበት።"

ዐወድ የሚጠላው ቀዩን ነው፤ ማንጎው ላይ የመጣበት ቀዩ ነው። በአጥሩ ፊት ለፊት ደግሞ ቀያዮቹ ችካሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። አንዱም አልተነካም።

"በፊትስ የሚነቀሉት የትኞቹ ነበሩ?"

"ሰራዊት የሚያማርረው ሁልጊዜ ሰማያዊዎቹን ነበር። 'ሌሊት እየወጣሁ እይዘዋለሁ' ይል ነበር። ተው አልኩት፣ እምቢ አለ።" አፍንጫዋን በመሀረብ ጠረገች።

"ውሃ ቤቱ እንዲገባ የማይፈልግ ሰው አለ እንዴ?"

"ኧረ ማን ይጠላል? ቧንቧው ሲገባ ቦኖው ይነሳል፣ ቦታው መኪና መዞሪያ ይሆናል ስንላቸው ጭብጨባው ቤቱን ሊያፈርሰው ነበር። እንዲያውም ያስጀመሩት ጋሽ ደባልቄ ናቸው።"

ለኮማንደሩ ደውዬ የችካሉን ነገር ነገርኩት። "በዚያ ድንግዝግዝ ቀለም ይለያል እንዴ?" አለና ዘጋው። ነገሩ ልክ ነው፤ ግን አላሳመነኝም።

---

ሆስፒታል ስገባ ሰራዊት ዓይኑ እንደተከደነ ነው። ሐኪሙ ቁስሉ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ሰውነቱ ላይ ሌላ የዱላ ምልክት አለመኖሩን ነገረኝ። ይነቃል ወይ ስለው ትከሻውን ሰበቀ።

አልጋው አጠገብ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። በእርጥብ ጨርቅ የልጁን ግንባር ይዳብሳሉ። ሳህን ላይ የቀዘቀዘ አጥሚት አለ።

"ዘመድ ነዎት?"

"አይ። ደባልቄ እባላለሁ፣ የሰፈሩ ልማት ኮሚቴ ነኝ።" ከወሎ በሰፈራ የመጡ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። "ልጁ እዚህ ሰው የለውም። እናቱ ሐረር ናቸው አሉ፣ እስኪደርሱ ማን ይቀመጥለት? እኔ እንደሁ ሥራ የለኝም። ባለቤቴ አርፋለች፣ ልጆቹ ጉባ ግድቡ ላይ ሠርተው ከዚያ በየአገሩ ሄዱ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው።

"ዐወድን ያዛችሁት አሉ።"

"ይዘነዋል።"

ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ ነክረው ጨመቁት። ብዙ ጊዜ ጨመቁት። "የሚስቱ ነገር ደርሷል" አሉ ቀስ ብለው።

ከሆስፒታሉ ወጣሁ። ነገ እኔ ቦይ ውስጥ ብገኝ ማን አልጋዬ አጠገብ ይቀመጣል ብዬ አሰብኩ። ቤት አከራዬ ምናልባት አንዴ ብቅ ትላለች። ኮማንደሩ ሙዝ ይልካል። በቃ፣ ያ ነው።

---

በማግስቱ ጠዋት ቦኖው ጋ ሄድኩ። የቦኖ ጠባቂዋ አስረሳሽ ትባላለች፤ ጠበቅ ያለች፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። ያን ጠዋት ማን ማን እንደነበረ ጠየቅኳት።

"ሁሉም ነበር" አለችኝ፣ ቧንቧውን ከአንዱ ጀሪካን ወደ ሌላው እያዞረች። "አንደኛ ጋሽ ደባልቄ። ሁልጊዜ አንደኛ እሳቸው ናቸው፣ ከዶሮ ጋር ነው የሚነሱት። ከዚያ ሐኒ፣ ያቺ አስተማሪዋ። ከዚያ እነ ማሪያም ቤት። እየተሳሳቅን ነበር እኮ ዐወድ ሲጮህ!"

ሐኒን ጠየቅኩ፤ "አዎ፣ ጋሽ ደባልቄ፣ ከዚያ እኔ" አለች። ማሪያምን ጠየቅኩ፤ እሷም እንደዚያው። አንዱ ሌላውን ይመሰክርለታል። ሰፈሩ በሙሉ በተራ ቆሞ ነበር፤ አንድም የጎደለ የለም። እንደዚህ የጠበቀ ምስክር በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም።

"እንግዲያው ውሃው ቤት እንዳይገባ የሚፈልግ ከሰፈሩ ውጭ ያለ ሰው ነው" አልኩ ለራሴ።

እንዲህ ሆኖ ነው ዲሳሳ የመጣብኝ። ዲሳሳ የባምባሲ ልጅ ነው፤ በአህያ ጋሪ ውሃ ያዞራል። ቧንቧ በየቤቱ ከገባ ጋሪው ከሰል መጫኛ ይሆናል።

"ኧረ አቦ፣ እኔን ነው የምትጠረጥሪው?" አለኝ ጋሪውን አቁሞ፣ እየሳቀ። "ያን ጠዋት የት እንደነበርኩ አንቺ አታውቂም?"

"እኔ ከየት አውቃለሁ?"

"ደጅሽ ነበርኩዋ! ጀሪካንሽን ማን ሞላው?"

እውነቱን ነው። ባዶ ጀሪካኔን በር ላይ አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት ሞልቶ አገኘዋለሁ። እኔ ራሴ የተጠርጣሪዬ ምስክር ሆንኩ። ወይ ጣጣ!

"እሺ ሂድ" አልኩት።

"ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ኢንስፔክተር። ደግሞ ክዳኑን አጥብቂው፣ ያፈሳል።"

---

ቤቴ ገብቼ ሻይ ጣድኩ። አንድ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። ሁለተኛ ብርጭቆ ነበረኝ፤ ስለማያስፈልገኝ ለአከራዬ ሰጠኋት።

ውሃውን ስቀዳ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ዲሳሳን አየሁት እንዴ? አላየሁትም። ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን ሲሞላ አላየሁትም። ያየሁት ጀሪካኑን ነው። ጀሪካኑ ሞልቶ ሳገኘው ዲሳሳ መጥቶ ነበር እላለሁ። መቼ እንደመጣ ምን አውቃለሁ?

አከራዬን ጠየቅኳት። "ያ ባለጌ!" አለች ወዲያው። "ዐወድ የተያዘ ዕለት አይደል? ገና ሳይነጋ መጥቶ አህያው ጎመኔን በላብኝ። ጉሮሮውን ይዤ ነበር፣ ሰፈሩ የዐወድን ጩኸት ሰምቶ ሲሮጥ ነው የለቀቅኩት!"

ዲሳሳ ነጻ ወጣ። እኔ ግን ቁጭ ማለት አቃተኝ። ጀሪካን፣ ጀሪካን፣ ጀሪካን። ያን ጠዋት ቦኖው ጋ ስመጣ ሰው አልነበረም፤ ጀሪካኖቹ ግን ተራቸውን ይዘው ነበር።

---

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ሄድኩ። ሴቶቹ እያዩኝ ከሐኒ ሰማያዊ ጀሪካን ኋላ አስቀመጥኩት። ምንም ሳልናገር፣ ወደ ጣቢያ ሄጄ የዐወድን በር ከፍቼ ሻይ ሰጠሁት፤ ስለ ሚስቱ ጠየቀኝ፣ ገና ነው አልኩት። ተመለስኩ። ጀሪካኔ ሞልቶ ከዳር ተቀምጧል።

"ሐኒ፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበርኩ?"

"ምን ማለትሽ ነው?" አለች ግራ ተጋብታ። "እዚሁ ነበርሽ እንጂ። ከእኔ ኋላ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እንዴ! አስረሳሽ፣ ኢንስፔክተሯ ከእኔ ኋላ አልነበረችም?"

"ነበረች" አለች አስረሳሽ። "ውሃዋን ራሴ ነኝ የሞላሁላት።"

"ምን አወራን?"

ሐኒ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ከዚያ ሳቋ መጣ። "አይ፣ ለካ… አንቺን አይደለም ያየሁት፣ ጀሪካንሽን እየገፋሁልሽ ነበር እኮ!"

ልስቅ ነበር፤ አልቻልኩም። ከመጣሁ ጀምሮ በዚህ ከተማ "እዚህ ነበርሽ" ያለኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ጊዜ የተባልኩት ደግሞ በሌለሁበት ነው። ዓይኔ እንዳያስታውቅብኝ ጎንበስ ብዬ የጀሪካኑን ክዳን አጠበቅኩ።

ከዚያ ጥያቄዬን ቀየርኩ። ማን ነበረ ማለቱን ትቼ፣ ከማን ጋር አወራችሁ አልኩ። አስረሳሽ ከማሪያም ጋር ስለ ጨው ተጨቃጭቃለች። ሐኒ ከማሪያም እህት ጋር ስለ ፈተና አውርታለች። አንድ በአንድ ሁሉም ከሆነ ሰው ጋር አውርቷል።

"ከጋሽ ደባልቄስ?"

ተያዩ።

"እሳቸው እኮ የማያወሩት የለም" አለች አስረሳሽ። "ያን ቀን ግን… ቆይ፣ ማን ነው ያወራቸው?" ማንም። "አንደኛ የነበሩት ግን እሳቸው ናቸው። ያ ቀይ ጨርቅ ያለበት ጀሪካናቸው ነዋ አንደኛ የነበረው።"

"ጀሪካኑን ማን ወሰደው?"

"እኔ ወሰድኩላቸው" አለች ሐኒ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ግርግሩ ካለፈ በኋላ ሞልቶ ቀርቶ አየሁት፤ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ተሸክሜ ሄድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር። አመሰገኑኝና ውሃውን በሙሉ እግራቸው ላይ አፈሰሱት። ለእሳቸው አንድ ጀሪካን ለቀናት ነው የሚበቃቸው። ገርሞኝ ነበር።"

---

ያሉበትን አውቃለሁ። ሰራዊት አልጋ አጠገብ ያንኑ ጨርቅ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ደባልቄ፣ ያን ጠዋት ቦኖው ጋ ከማን ጋር አወሩ?"

እጃቸው ቆመ።

"ጀሪካንዎ ነበር" አልኩ። "እርስዎ አልነበሩም።"

"ልጄ፣ ቀስ በይ፣ ልጁ ይሰማል" አሉ። ከዚያ ልጁን አዩትና "ይስማ ግዴለም" አሉ። ጨርቁን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ችካሉን ስነቅል ልጁ ከኋላ ጋቢዬን ያዘኝ። 'ጋሽ ደባልቄ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ!' አለኝ። ይሄንኑ ነው ያለኝ፣ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም። ሰዎቹ እዚያው ከመታጠፊያው ወዲያ ናቸው፤ ስሜን ሰሙ አልኩ። ዝም በል ብዬ ገፋሁት። ጭቃው አዳለጠው። ድንጋዩ ድምፅ አሰማ።"

"ለምን አልጠሯቸውም? ሁለት እርምጃ ነው!"

"ሳቃቸው ይሰማኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። ብጠራቸው ከዚያ ወዲያ አብሬያቸው እቆማለሁ?" ዓይናቸው ሞላ። "ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።"

"ችካሉንስ? መንገዱን የለመኑት እርስዎ!"

"መንገዱንማ እፈልገዋለሁ፤ ቀዩን አንድ ቀን አልነካሁም። ውሃው ነው፣ ልጄ። ጠዋት ጠዋት 'ጋሽ ደባልቄ፣ ተራዎ ደርሷል' ይሉኛል። 'እንዴት አደሩ' ይሉኛል። ከዚያ ቤቴ እገባለሁ፣ እስከ ነገ ጠዋት ስሜን የሚጠራ የለም። ቧንቧው ቤቴ ከገባ እኔን ማን ይጠራኛል? ቧንቧው?"

"ስብሰባው ላይ ይህንን መናገር ይችሉ ነበር።"

"ምን ብዬ?" ተቆጡ፤ የመጀመሪያቸው ነው። "ሴቶቹ ውሃ ሲሸከሙ ወገባቸው ተቆርጧል። ሰው ይናፍቀኛልና ተሸከሙ ልበላቸው? ያሳፍራል እኮ! አጨበጨብኩ። ችካሉን ስነቅልም እንዳይጠፋ እየደረደርኩ ነበር። አንድ ክረምት ይቆይልኝ፣ ሌላ አልፈለግኩም።"

ላዝንላቸው ስል ዐወድ ትዝ አለኝ። "ዐወድ በእርስዎ ምክንያት ታስሯል! ሚስቱ ደርሳለች!"

"በየቀኑ ጣቢያው በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ" አሉ። "ዛሬ አብሬሽ ልሂድ።" ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና የልጁን ብርድ ልብስ እስከ አንገቱ ሳቡለት። በሩ ጋ ደርሰው "አጥሚቱን ማን ያጠጣዋል?" አሉኝ። "እኔ" አልኳቸው።

---

ዐወድ ያንኑ ዕለት ወጣ። ዓርብ ምክር ቤቱ የጫፍ ሰፈርን መንገድ እንዳለ አጸደቀው፤ ጠጠሩም፣ ቦዩም፣ ቧንቧውም፣ የቦኖው መነሳትም። ስለ ጋሽ ደባልቄ ለኢንጂነር የሺሀረግ ነገርኳት። ወደ ፕላኑ ዞረች። "ይሄን የት አስገባዋለሁ?" አለችኝ። የዐወድን ማንጎ ግን ቀዩን መስመር በትንሹ ወደ ጎን መልሳ አተረፈችለት።

ሰራዊት ቅዳሜ ነቃ። እናቱ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ቦዩን አያስታውስም፤ ያስታወሰው የቀዘቀዘ እጅና የአጥሚት ሽታ ነው።

"አንድ ሽማግሌ ነበሩ" አለኝ። "ሲያወሩኝ እሰማ ነበር። ቀሩ እንዴ?"

ቀስ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ "መቼ ይመጣሉ?" አለኝ። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ኋላ ግን ሰምቶኝ እንደነበር ገባኝ።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ዐወድ ቆሟል። ትከሻው ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ እጀታው በቀይ ጨርቅ የታሰረ። ውሃው ጀርባውን አርሶታል።

"ምንድን ነው?"

"የደባልቄ ነው። ተራው ደረሰ፣ አስረሳሽ ሞላ።"

"ማን ነው ቦኖው ጋ ያስቀመጠው?"

"እኔ አላስቀመጥኩም!" አለ ተቆጥቶ። "አስረሳሽ ነው፣ ሐኒ ነው፣ ምን አውቃለሁ። ዛሬ አንደኛ ቆሞ አየ። ሁሉም በእግሩ ገፋው። ማን ይወስዳል ሲሉ ሁሉም ዝም አለ። እኔ ለእሱ አልመጣም፣ ንገረው! ጀሪካን ነው ያመጣሁት። ተራ የያዘ ጀሪካን መንገድ ላይ አይተውም።"

"ሚስትህስ?"

ፊቱ ሳይወድ በግዱ ፈታ አለ። "ሴት ልጅ ወለደ። አምቡላንስ አልገባም። በብርድ ልብስ ወሰድነው፣ እኔ አንድ፣ ሦስት ጎረቤት።" ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ወደ ኋላው ሳያይ፣ በጭቃው ሄደ።

ጀሪካኑን በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ጋሽ ደባልቄ የእስር ክፍሉ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው ጀሪካኑን አዩት፣ ቀዩን ጨርቅ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ነኩት።

"ስንተኛ ነበርኩ?"

"አንደኛ።"

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ትከሻቸው ለረጅም ጊዜ ሲንቀሳቀስ ቆየ፤ እኔም ጀሪካኑን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ሲቀልላቸው ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩኝ፤ የእኔም ቀሚስ ጫፍ፣ ገና በጨለማ ጀሪካኔን ተራ ሳስይዝ፣ በቦኖ ውሃ ረጥቧል።

"አንቺስ፣ ልጄ?"

"ከሐኒ ኋላ" አልኳቸው።